ከጉድጓዱ ወደ ኋላ፦ አንጋፋ አሰልጣኞች ጎልፍን እንዴት ያስተምራሉ

ጎልፍ ሊማር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ረጅሙን ዱላ ነው። ድራይቨሩን ከቦርሳው ይመዛል፣ ኳሷን ቲ በሚባለው ትንሽ ችካል ላይ ያስቀምጣል፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሰነዝራል። ኳሷ ወይ ጥቂት ሜትር ተንከባላ ትቀራለች፣ ወይ ወደ ቀኝ ተጠማዛ ከሜዳው ትወጣለች። ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ አሰልጣኝ ይህን አይቶ ስለ ትከሻም ስለ ወገብም ወሬ አይጀምርም። ድራይቨሩን ይቀበልና ኳሷን መሬት ላይ ለማንከባለል የሚያገለግለውን ዱላ፣ ፓተርን፣ ያስይዘዋል፤ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ላይ ወስዶ ያቆመዋል። ተማሪው ቅር ይለዋል። የከፈለው አርቆ መምታት ሊማር ነዋ!

ከጉድጓዱ ተነስቶ ወደ ኋላ መማር የሚባለው ይህ ነው። መጀመሪያ ፓት፣ ማለትም ኳሷን በፓተር ወደ ጉድጓዱ ማንከባለል፣ ቀጥሎ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሳር፣ ግሪኑ፣ ዳር ቆሞ ቺፕ፣ ማለትም አጭርና ዝቅተኛ ምት፣ ከዚያ ግማሽ ስዊንግ፣ ማለትም ግማሽ ስንዘራ፣ ሙሉ ስዊንጉ መጨረሻ ላይ። ለዚህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ግን የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። «ፓር፣ ማለትም ለሜዳው የተመደበው የምት ብዛት፣ 72 በሆነ ሜዳ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ፓት ስለሚታሰብ 36ቱ ምት፣ ማለትም ግማሹ፣ ፓት ነው፤ ስለዚህ ውጤት የሚወሰነው ግሪን ላይ ነው» ይባላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ድምዳሜው አያስኬድም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ የባለሙያዎችን ምቶች አንድ በአንድ ሲተነትን፣ ምርጦቹን ከመካከለኞቹ ከሚለየው ውጤት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ከ100 ያርድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ፣ ርቀው ከሚመቱ ኳሶች እንደሆነ አሳይቷል። አርቆ የሚመታ ሰው በእርግጥ ብልጫ አለው።

ፓተር የሚቀድመው ለመማር ስለሚመች ነው። እንቅስቃሴው ትንሽ በሆነ መጠን ስህተቱ ይታያል። ሙሉ ስዊንግ ውስጥ ዱላው ኳሷን የሚነካው ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ምን እንደተፈጠረ ዓይን ሊያይ አይችልም። ፓት ላይ ግን የዱላው ፊት ወዴት እንዳየ፣ ኳሷ ፊቱ መሃል ላይ ትረፍ ወይም ጫፉ ላይ፣ ተማሪው ራሱ ያያል፣ በእጁም ይሰማዋል። ድራይቨር ላይ ኳስ የሚያስጠፋው የፊት መዞር ፓት ላይም አለ፤ ልዩነቱ እዚህ ያለ ኪሳራ መታረሙ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ የሆነ ገልብጦ ያንብበው።

ፓት ላይ የሚታሰበው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አቅጣጫና ፍጥነት። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው፤ የኳሷ ዲያሜትር ደግሞ ከ42.67 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። ኳሷ ከሦስት ሜትር ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ስታ ብትነሳ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ከመሃሉ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህ ጠርዙ ላይ ማለት ነው፤ ቀስ ብላ ከደረሰች ትወድቅ ይሆናል፣ ከፈጠነች ጠርዙን ዞራ ትወጣለች። ሁለት ዲግሪ ከሳተች አትገባም። ፓት ስትመታ ኳሷ የምትነሳው በአብዛኛው የፓተሩ ፊት ወዳየበት ስለሆነ የመጀመሪያው ልምምድ በር ነው። ከኳሷ ፊት ግማሽ ሜትር ላይ ሁለት ቲዎችን ስድስት ሴንቲሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። ኳሷ በመሃላቸው ማለፍ አለባት። ሁልጊዜ የግራውን ቲ የምትመታ ከሆነ ፊቱ እየተዘጋ ነው፤ የቀኙን ከሆነ እየተከፈተ ነው። እጅ አንጓው ጸጥ ይበል፤ ዱላውን የሚያንቀሳቅሱት ትከሻዎች ናቸው።

ፍጥነት ከአቅጣጫ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጀማሪ ግን ትኩረቱን ሁሉ ለአቅጣጫ ይሰጣል። ከአሥር ሜትር ላይ ማንም ሰው በአቅጣጫ ሁለት ሜትር አይስትም፤ በርቀት ሁለት ሜትር ማሳጠር ወይም ማስረዘም ግን የተለመደ ነው። ስለዚህ ከ6፣ ከ9 እና ከ12 ሜትር ላይ ኳሷን ማስገባት ሳይታሰብ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ውስጥ ብቻ ማቆም ይለመድ። ርቀቱን የሚወስነው ዱላው ወደ ኋላ የሚሄድበት መጠን ነው፤ አጭር አንስቶ በእጅ መግፋት ልማድ ከሆነ ርቀት መቼም አይገመትም። የልምምድ ማወዛወዙን ዓይንን ጉድጓዱ ላይ አድርጎ ማድረግ ይረዳል። አጭር ፓት ከሳተች ጉድጓዱን ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር አልፋ በምትቆምበት ፍጥነት ትመታ።

እዚህ ላይ ተስፋን በልክ ማድረግም የትምህርቱ አካል ነው። በዓለም ታላላቅ ውድድሮች የሚጫወቱ ባለሙያዎች ከ2.4 ሜትር የሚያስገቡት ከሁለት አንዱን ያህል ነው። ከ6 ሜትር ከመቶ 15 ገደማ ነው። ከ10 ሜትር ካለፈ ደግሞ በአንድ ፓት ከሚጨርሱበት ይልቅ ሦስት የሚፈጅባቸው ይበዛል። ይህን የሚያውቅ ጀማሪ የሦስት ሜትር ፓት ስቶ ፓተሩን መሬት ላይ አይወረውርም።

ቀጥሎ ቺፕ ነው። የጎልፍ ዋና ትምህርት፣ እኔ እስከማምነው ድረስ፣ ያለው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ዱላው ከመሬት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኘው ቺፕ ላይ ነው። ስምንት ቁጥር አይረን፣ ማለትም የብረት ራስ ያለው ዱላ፣ ወይም ፊቱ ይበልጥ ያጋደለውን ፒቺንግ ዌጅ ያዙ። በሁለቱ እግሮች መካከል 15 ሴንቲሜትር ያህል ይሁን። ከክብደታችሁ ከመቶ 60 እስከ 70 ያህሉ ግራ እግር ላይ ይረፍ፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ አይነሳ። ኳሷ እግሮቹ መሃል ወይም ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ትሁን፤ እጆች ከኳሷ ጥቂት ቀድመው ወደ ግብ አቅጣጫ ያዘንብሉ። ከዚያ ልክ እንደ ፓት በትከሻ መምታት ነው። ኳሷ ግሪኑ ላይ አንድ ሜትር ገባ ብላ ታርፍና የቀረውን ትንከባለላለች። በፒቺንግ ዌጅ በአየር የሄደችውን እጥፍ ያህል፣ በስምንት ቁጥር ደግሞ ሦስትና አራት እጥፍ ልትንከባለል ትችላለች፤ እንደ ግሪኑ ፍጥነትና ተዳፋት ይለያያል። ስለዚህ ጉድጓዱ ሲርቅ አመታቱን ከመቀየር ዱላውን መቀየር ይቀላል።

ጀማሪን እዚህ የሚጥለው ኳሷን ከመሬት «ለማንሳት» መሞከሩ ነው። ፒቺንግ ዌጅ ፊቱ ከ44 እስከ 48 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ነው፤ ሰባት ቁጥር አይረን 30 እና 34 መካከል ነው፤ ኳሷን የሚያነሳት ያ ግድለት ነው። ሰውየው ግን አያምነውም። በምቱ ቅጽበት ክብደቱን ወደ ቀኝ እግሩ ይመልሳል፣ የእጅ አንጓውን ያጥፋል፣ ከታች ሊያወጣት ይሞክራል። ዱላው የሚሠራው ቅስት ነው፤ ቅስቱም ዝቅተኛ ነጥብ አለው። ክብደት ወደ ቀኝ ሲሄድ ያ ነጥብ ከኳሷ ኋላ ይቀራል። ከዚያ የሚመጣው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬቱን ይቆፍርና ኳሷ ንቅንቅ አትልም፣ ወይ መሬቱን ስቶ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር የኳሷን ወገብ ይመታና ግሪኑን ተሻግራ ትበርራለች። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሥራቸው አንድ ነው። «አንዴ መሬት እመታለሁ፣ አንዴ ጫፏን እመታለሁ፣ ምን እንደሚሻለኝ አላውቅም» የሚል ተማሪ ሁለት በሽታ የለበትም።

ይህን የሚያጋልጥ ከመሬት የተሻለ መሣሪያ የለም። ሳር ላይ በኖራ ወይም በሚረጭ ቀለም፣ ከግብ አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ የሆነ አንድ ሜትር ተኩል ያህል መስመር ይሰመር። ተማሪው መስመሩን በእግሮቹ መሃል አድርጎ ይቆምና ያለ ኳስ ይሰነዝራል፤ ዱላው ሳሩን የነካበት ይታያል። ከዚያ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደፊት ተጠግቶ እንደገና። የጥሩ ተጫዋች ዱላ መሬቱን የሚነካው መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ወደ ግብ በኩል ነው፤ የተቆረጠው ሳርም ያለው በዚያ በኩል ነው። የጀማሪው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ኋላ አምስት፣ አሥር ሴንቲሜትር ላይ ተሰድሮ ይገኛል። ምልክቶቹ መስመሩን እስኪሻገሩ ኳስ አይሰጠውም። ከተሻገሩ በኋላ ኳስ ይቀመጣል፤ ከኳሷ ኋላ 15 ሴንቲሜትር ላይ የታጠፈ ፎጣ ይነጠፋል። ዱላው ፎጣውን ሳይነካ ኳሷን ማግኘት አለበት።

ሰው ሠራሽ ሳር ምንጣፍ ላይ ብቻ የሚለማመድ ሰው ይህን ማረጋገጫ ያጣል። ምንጣፍ ይዋሻል። ዱላው ከኳሷ አምስት ሴንቲሜትር ኋላ ቢያርፍም ምንጣፉ ላይ ተንሸራቶ ኳሷን ይመታታል፤ ኳሷም ደህና ትሄዳለች። ያው ምት ሳር ላይ ቢሆን አፈር ዝቆ ይቆም ነበር። ምንጣፍ ላይ የሚያገለግለው ጆሮ ነው፤ መጀመሪያ ኳስ ሲነካ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ መጀመሪያ ምንጣፍ ሲነካ ደብዛዛ ድምፅ ይቀድማል። ፎጣውን ምንጣፍ ላይም ማንጠፍ ይቻላል።

«ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ» የሚለውን ምክር እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ነው፤ ጎልፍ ሜዳ ላይ ከሚነገሩ ምክሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያበላሸ ይመስለኛል። የኳሷ ጫፍ የሚመታው ጭንቅላት ስለተነሳ አይደለም፤ ከላይ እንዳልነው ክብደት ኋላ ስለቀረ ወይም በምቱ ቅጽበት ክንድ ስለታጠፈ ነው። ጭንቅላቱን በግድ ያደነዘዘ ሰው ትከሻው መዞር ስለማይችል ክብደቱ ጭራሽ ቀኝ እግሩ ላይ ይቀራል፤ የሸሸው ስህተት ይብስበታል። ፓት ላይ ጭንቅላት ይርጋ፣ እሺ። ሙሉ ስዊንግ ላይ ግን ኳሷ ከሄደች በኋላ ጭንቅላት ከትከሻ ጋር ዞሮ ኳሷን መከተል አለበት።

አሁን ስለ አያያዝ። አንጋፋ አሰልጣኝ የተማሪን ጓንት ገልብጦ የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም። የግራ እጅ ጓንት ከመዳፉ በታች፣ ወደ አንጓው በኩል ያለው ወፍራም ክፍል ተበልቶ ከተቀደደ፣ ዱላው በመዳፍ ተይዞ በየምቱ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። መያዣው ከግራ አመልካች ጣት መካከለኛ አንጓ ተነስቶ፣ ከትንሿ ጣት በታች ባለው የመዳፍ ሥጋ ሥር በሰያፍ ማለፍ አለበት፤ ይዞታው የጣቶች ነው። ከላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል የመያዣ ጫፍ ትርፍ ይታይ። እጁ ሲዘጋ ተጫዋቹ ወደ ታች ሲያይ የግራ እጁ ሁለት አንጓ፣ ወይም ሁለት ተኩል፣ ይታየው፤ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ስንጥቅ ወደ ቀኝ ትከሻ ያመልክት። ቀኝ እጅ በጣቶቹ ከሥር ይመጣና መዳፉ የግራውን አውራ ጣት ይሸፍነዋል።

ሁለቱ እጆች የሚገናኙባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። የቀኝ ትንሿ ጣት ግራው ላይ የምትደረብበት አያያዝ በጀርዚ ደሴት ተወላጁ ተጫዋች በሃሪ ቫርደን ስም ይታወቃል፤ ቫርደን ከ1896 እስከ 1914 ባለው ጊዜ በብሪታንያ የሚካሄደውን ኦፕን ሻምፒዮንሺፕን ስድስት ጊዜ ያሸነፈ ነው። ሁለተኛው ትንሿን ጣት ከግራው አመልካች ጣት ጋር ማቆላለፍ ነው፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ጃክ ኒክላውስም ታይገር ውድስም የያዙት እንዲህ ነው። ሦስተኛው አሥሩም ጣት መያዣው ላይ የሚያርፍበት ነው፤ ለልጆችና እጃቸው ለደከመ ይመቻል። የትኛውም ይሠራል። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ጥብቀቱ ግን ያከራክራል። ከአንድ እስከ አሥር ባለ መለኪያ ሦስት ወይም አራት ይሁን፤ ጀማሪ ሳያውቀው ስምንት ላይ ነው። ማረጋገጫው ክንድ ነው፤ ዱላውን ይዞ የክንድ ጡንቻ ከተወጠረ ጠብቋል። የጠበቀ እጅ አንጓውን ያስራል፣ ዱላው በራሱ ክብደት እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ ፊቱም ሳይዘጋ ተከፍቶ ይደርሳል። አያያዝ ሲታረም ኳሷ መጀመሪያ ላይ ይብስባታል፤ እጆቹ የድሮውን ጉድለት ለማካካስ የለመዱትን ስለሚቀጥሉ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ድሮው ይመለሳል። መፍትሔው ቤት ውስጥ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ዱላ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው፤ ኳስ ሳይኖር።

አቋቋምና አነጣጠር ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ከኳሷ ኋላ ቁሙ፣ ወደ ግብ በሚወስደው መስመር ላይ ከኳሷ አንድ ሜትር የማይርቅ ምልክት፣ ቅጠልም ይሁን የሳር ቀለም፣ ምረጡ፤ ኒክላውስ በዚህ ይታወቃል። መጀመሪያ የዱላውን ፊት ወደ ምልክቱ አስተካክሉ፣ እግር ቀጥሎ ይምጣ። እግርና ትከሻ ራሳቸው ወደ ግብ አያዩም፤ ከኳሷ መስመር ጋር እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ። ልምምድ ላይ ሁለት ዱላ መሬት ላይ አጋድሞ ማየት ነው፤ ይህን የማያደርግ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ያነጣጥርና ኳሷን ለመመለስ በእጁ ወደ ግራ መጎተት ይጀምራል። የኳሷ ቦታ ለድራይቨር ከግራ ተረከዝ ውስጠኛ ጎን ትይዩ፣ ለሰባት ቁጥር ከመሃል አንድ ወይም ሁለት የኳስ ስፋት ወደ ግራ፣ ለዌጅ መሃል። ድራይቨር ሲመታ ቲው የሚተከለው የኳሷ ግማሽ ከዱላው ራስ በላይ እስኪታይ ነው።

ወደ ቀኝ የሚጠማዘዘው ምት፣ ስላይስ፣ ከሁሉ የበዛው የጀማሪ ችግር ነው። እዚህ ላይ የድሮው ትምህርት ራሱ ተሳስቶ ነበር። ለብዙ ዘመን «ኳስ ዱላው በሄደበት መንገድ ትነሳለች፣ ከዚያ ፊቱ ወዳየበት ትጠማዘዛለች» ይባል ነበር። ትራክማንን የመሰሉ ራዳር ያላቸው መለኪያዎች ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ፤ ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ነው፣ በድራይቨር ከመቶ 85 ገደማ፣ በአይረን 75 ገደማ። መጠማዘዙን የሚሰጠው በፊቱና በዱላው መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሃምሳ ዓመት ያስተማረውን ትቶ ይህን የተቀበለ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ አትልቀቁት።

ጥቅሙ ኳሷን ማንበብ ነው። ወደ ግራ ተነስታ ወደ ቀኝ ከታጠፈች፣ ፊቱ ከግቡ ወደ ግራ ነበር፣ መንገዱ ደግሞ ከፊቱም ይበልጥ ወደ ግራ። ቀጥ ብላ ተነስታ ወደ ቀኝ ከታጠፈች ፊቱ ግቡን አይቷል፣ መንገዱ ብቻ ወደ ግራ ነው። ወደ ቀኝ ተነስታ ጭራሽ ወደ ቀኝ ከሄደች ዋናው ጥፋት የፊቱ ነው፤ ክፍት ነው። ስላይስ የሚመታ ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው ይበልጥ ወደ ግራ ማነጣጠር ነው። ይህ መንገዱን ይበልጥ ወደ ግራ ይወስደዋል፣ በፊቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ኳሷም ይበልጥ ትጠማዘዛለች። እርማቱ ከእጅ ይጀምራል፤ ግራ እጁን ወደ ቀኝ ማዞር፣ ሁለት አንጓ ተኩል እስኪታይ። ፊቱ መዘጋት ሲጀምር ኳሷ ለጥቂት ጊዜ ወደ ግራ ትበርራለች፤ ተማሪው ይደነግጣል፣ አሰልጣኙ ይደሰታል። መንገዱ የሚታረመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፊቱ ክፍት ሆኖ ሳለ መንገዱን ማረም ኳሷን ይበልጥ ወደ ቀኝ ይሰዳታል።

ከዚህ በፊት ግን ኳሷ የዱላውን ፊት የት ላይ እንደነካች መታየት አለበት። ፊቱ ላይ የሚረጭ የእግር ዱቄት መንፋት ወይም ኳሷ ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ነጥብ ማድረግ በቂ ነው፤ ምልክቱ ይቀራል። ድራይቨር ላይ ወደ ዘንጉ በኩል የተመታ ኳስ ፊቱ ልክ ሆኖም ወደ ቀኝ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ወደ ጫፉ በኩል የተመታው ወደ ግራ። ስንት ሰው ኳሷ ዘንጉ አጠገብ እያረፈች አያያዙን ሲቀይር ይከርማል! አይረን ላይ ኳሷ ዘንጉ የተሰካበትን አንገት ራሱን ብትመታ ወደ ቀኝ በአግድም ትፈናጠራለች፤ አዘውትሮ የሚታየው ምክንያት ክብደት በምቱ ወቅት ወደ እግር ጣቶች መሄዱ ነው።

ሙሉ ስዊንግ ላይ ሲደረስ የሚቀረው ማስፋት ነው። እጆች ወገብ እስኪደርሱ ወደ ኋላ፣ ወገብ እስኪደርሱ ወደፊት፤ ይህ በተከታታይ ሲሳካ እስከ ደረት፣ ከዚያ ሙሉ። የባለሙያዎች ስዊንግ ወደ ኋላ የሚወስደው ጊዜ ወደ ታች ከሚወርድበት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ሦስት አራተኛ ሰከንድ ገደማ ወደ ላይ፣ አንድ አራተኛ ወደ ኳሷ። ጀማሪ ወደ ላይ ይቸኩላል፤ ከላይ ሲደርስ ክንዱ ቀድሞ ይወርዳል፣ ወገብ ይዘገያል። ከመቶ ቃል የሚሻለው ትእዛዝ አጨራረሱን ይዞ መቆየት ነው፤ ኳሷ እስክታርፍ ድረስ። ክብደት ሁሉ ግራ ተረከዝ ላይ፣ የቀኝ ጫማ በጣቱ ብቻ መሬት የነካ፣ የቀበቶው መቆለፊያ ወደ ግብ ያየ። ቆሞ መቆየት ያልቻለ ሰው ስዊንጉ ውስጥ የሆነ ቦታ ሚዛኑን ስቷል፤ ወዴት እንደወደቀ ማየት ብቻ ምክንያቱን ይነግራል።

አሸዋ፣ ማለትም ባንከር፣ ሰው የሚፈራውን ያህል አይከብድም፤ ኳሷን መምታት የማያስፈልግበት ብቸኛ ምት ነው። አሜሪካዊው ተጫዋች ጂን ሳራዘን ከታች ሰፋ ያለ ወገብ ያለውን ዌጅ ሠርቶ በ1932 ኦፕን ሻምፒዮንሺፕን ሲያሸንፍ ይዞት ነበር፤ ያ ወገብ ዱላው አሸዋ ውስጥ ሰምጦ እንዳይቀር ያንሳፍፈዋል። ፊቱን ክፈቱ፣ ከዚያ ያዙት፤ እግሮቻችሁን ትንሽ አሸዋው ውስጥ አስምጡ፤ ኳሷ ወደ ግራ ተረከዝ ትጠጋ። ዱላው ከኳሷ አምስት ሴንቲሜትር ኋላ ይግባ፣ ከፊቷ ይውጣ፤ ኳሷን የሚያወጣት አሸዋው ነው። የሚያበላሸው ፈርቶ መሃል ላይ መቆም ነው። ከምቱ በፊት በዱላ አሸዋውን መፈተን ወይም በልምምድ ማወዛወዝ መንካት ቅጣት አለው።

የልምምድ ጊዜ አጠቃቀም ላይ አብዛኛው ሰው ራሱን ያታልላል። በአንድ ዱላ ወደ አንድ አቅጣጫ ሃምሳ ኳስ በተከታታይ መምታት የሠራ ያስመስላል፤ አሥረኛው፣ ሃያኛው ኳስ እየተሻሻለ ይሄዳል፣ በነጋታው ሜዳ ላይ ግን የለም። ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ተግባሮችን እያቀያየሩ የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ጊዜ ደከም ያለ ውጤት ቢያሳዩም ቆይተው ሲፈተኑ የተሻለ አስታውሰው ነበር። ጎልፍ ላይ ሲተረጎም አዲስ እንቅስቃሴ ሲጀመር መደጋገም ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ በየኳሱ ዱላና ግብ መቀየር፣ በየኳሱ ከኋላ ቆሞ ምልክት መምረጥ ነው። አንድ ሰዓት ያለው ሰው 20 ደቂቃ ፓት፣ 15 ደቂቃ ቺፕ፣ የቀረውን ለስዊንግ ቢሰጥ ጥሩ ነው። በምቱ ጊዜ ሐሳብ አንድ ይሁን፤ እሱም ከአካል ክፍል ይልቅ ዱላው ወይም ኳሷ ላይ ቢሆን ይመረጣል። «ክርንህን አስጠጋ» ከሚለው «መስመሩን አልፈህ ሳር ንካ» የሚለው ይሠራል።

ስልክ ሁሉም ሰው ስላለው ይቀረጽ፤ ግን በትክክል። ከኋላ ሲቀረጽ ስልኩ በእጆች ቁመት፣ በእጆቹ መስመር፣ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ርቀት ይሁን፤ ከፊት ሲቀረጽ ከደረት ትይዩ። ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ከተዛነፈ ደህናው መንገድ ጠማማ ይመስላል፣ ያልታመመው ይታከማል። ተማሪው የሚሰማውና የሚያደርገው አንድ ስላልሆነ ቪዲዮው ያስፈልጋል፤ «ግማሽ ነው ያነሳሁት» የሚለው ሰው ሙሉ አንስቶ ይገኛል።

መሣሪያ ላይ ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ ሰባት ይበቃል። አንድ ረጅም ዱላ፣ አንድ ሃይብሪድ (በረጅም ዱላና በአይረን መካከል ያለ)፣ ሰባትና ዘጠኝ ቁጥር፣ ፒቺንግ ዌጅ፣ ሳንድ ዌጅ፣ ፓተር። ለልጅ የአዋቂ ዱላ ቆርጦ መስጠት አይመከርም፤ ቢያጥርም ዘንጉ የደረቀና ራሱ የከበደ ስለሚሆን ልጁ በመላ ሰውነቱ መጎተት ይለምዳል።

አሰልጣኝ ምረጡ ሲባል አንድ መለኪያ አለኝ፤ በአንድ ትምህርት ስንት ነገር ይቀይራል? ሁለት ከበለጠ ይለፋችሁ። የቴክሳሱ ሃርቪ ፔኒክ ሁለት ትልልቅ ተጫዋቾችን፣ ቶም ካይትንና ቤን ክሬንሾውን፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አስተምረዋል፤ አንዱ የሌላውን ትምህርት ቆሞ እንዲያይ አይፈቅዱም ነበር ይባላል፤ ለአንዱ የሚስማማው መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነውና። ካይት በ1992 የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ፤ ክሬንሾው በ1995 ፔኒክ ባረፉ በሳምንቱ ማስተርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደ። ልምምድ ሜዳ ላይ አጠገባችሁ ቆሞ ሳትጠይቁት የሚመክራችሁን ሰው በዚሁ ሚዛን መዝኑት።

ሜዳ ላይ ሲወጣ ከአጭሩ መነሻ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ። ለመምታት አስባችሁ ብትስቱ እንኳ ምት ነው፣ ይቆጠራል። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ከ2019 ወዲህ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ በ40 ሰከንድ ውስጥ መምታት ይመከራል። ሃንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋች ችሎታ የሚለካበትን ቁጥር፣ ለማውጣት 54 ጉድጓድ ተጫውቶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሃንዲካፕ የሌለው ሰው በአንድ ጉድጓድ የሚመዘገብለት ቢበዛ ፓር ሲደመር አምስት ነው፤ ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ላይ አሥራ አራት መታሁ ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

የውጤት ካርዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ለተበላሸው ምት አንድ ፊደል ይጻፍ፤ መሬት ወይም ጫፍ ከሆነ «መ»፣ አቅጣጫ ከሆነ «አ»፣ ርቀት ከሆነ «ር»። አሰልጣኙ ካርዱን ሲቀበል ድምሩን አልፎ ፊደሎቹን ይቆጥራል። «አ» ከበዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጓንቱን ነው። «ር» ከበዛ ፓተር ይዞ ወደ 12 ሜትሩ ይሄዳል። «መ» ከበዛ ደግሞ ኖራውን ያወጣል።